ትናንት በቤቱ ያደረ

መስከረም 20

ይድረስ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆጠራ» ለሚልዎት አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ እማዬ፣ ተከራያችን ልብስ ሰፊዋም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንጀቴን ሲያገላብጠው የቆየው የመርከብ ሕመም ከለቀቀኝ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቅዎ «መርከብ ላይ ናት» ብቻ ብለው እንደሚያልፉ እገምታለሁ። ሥራዬን በደንብ ሳላስረዳዎ ነው የወጣሁትና አልፈርድብዎትም። እንግዲህ ልንገርዎ፤ ዶልፊን እቆጥራለሁ። አይሳቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሕዝብ ቆጠራ ሰው ሲቆጥር ከኖረ አጎት እጅ ያደገች ልጅ ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል?

መርከቧ ካርታ ላይ በተሰመረላት ቀጥ ያለ መስመር ትሄዳለች። እኛ ከላይ ቆመን በትልልቅ የሩቅ ማያ መነጽሮች ግራና ቀኙን እንቃኛለን። መንጋ ስናይ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ርቀቱንና ብዛቱን እንጽፋለን። ብዛቱን የምንጽፈው ሦስት ጊዜ ነው፤ «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ እና «ይሆናል» የምንለውን። ሰው ለአንድ ቁጥር ሦስት በር ሲከፍት ቢያዩ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ይሰማኛል። ውቅያኖሱን ሁሉ ማዳረስ ስለማይቻል ግን፣ በመስመሩ ዳርና ዳር ካየነው ተነስተን ያላየነውን ማስላት ግድ ነው።

ኮንትራቴ የሚያልቀው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ወደብ የምንደርሰው በወር ተኩል፣ ሲከፋም በሁለት ወር አንዴ ነው፤ ደብዳቤ የሚገባልኝም የሚወጣልኝም ያን ጊዜ ብቻ ነው። የቤቱ ስልክ ብልሽት «ተመዝግቧል» ከተባለ ዓመት እንዳለፈው አልረሳሁም። ስለዚህ ወረቀት ይብቃን።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከቤት ስወጣ የእማዬ ሳል አላማረኝም ነበር። እሷ እንደሆነች «አቧራ ነው» ብላ ነው የሸኘችኝ። እርስዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። እሷም ከደብዳቤዎ ግርጌ በራሷ እጅ አንድ መስመር ትጨምርልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 16

ለልጄ፤

የቆምሽበት ወለል ይጽናልሽ፤ ንፋሱም ማዕበሉም ይራሩልሽ። ደብዳቤሽ በደህና ደረሰኝ። ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አይሳቁ» የሚለው ጋ ስደርስ እሷ ቀድማኝ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ሳል ዞረ። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሽሮፕ ሰጥተዋታል። ይኸው እውነቱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ለመሆኑ በዓለም ውቅያኖስ ሁሉ ስንት ዶልፊን አለ? ጡረተኞቹ የምንሰበሰብበት ፀጉር ቤት ጉዳዩን አንስቼው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «ከመቶ ሺህ አያልፍም» አለ፤ ጡረተኛው ሾፌር «ኧረ ተወኝ! መቶ ሚሊዮን» አለ። አንዳቸውም ባሕር አይተው አያውቁም፤ እንዲያም ሆኖ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ቁርጡን ንገሪኝና ልገላግላቸው።

ሦስቱን ቁጥር ግን አልወደድኩልሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቆጠራ አንድ ቤት ገባሁ። የቤቱ እመቤት «አምስት ነን» አሉኝ። ዞር ብዬ ባይ በሩ ሥር አምስት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። አምስት ብዬ ጽፌ ወጣሁ። በማግስቱ ተቆጣጣሪዬ ሲያጣራ አምስተኛው ጫማ የልጃቸው ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከቤት ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እናት ግን ጫማውን በየሳምንቱ ይወለውሉታል። ተቆጣጣሪዬ አልተቆጣኝም። «የተወደደ ሳይሆን ያደረ ነው የሚቆጠረው» ብሎኝ ቅጹን አስተካከለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር አልጽፍም፤ ቁጥር ላይ ደግሞ አልዋሽም። ምላሴ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ እንደማንም ሰው ምላስ ነው።

ስለዚህ እንደ ልማዴ በየደብዳቤዬ ግርጌ የቤታችንን ቆጠራ ታገኚያለሽ። አንቺ የለሽበትም። ብታኮርፊም ደንብ ነው፤ እዚያው መርከብሽ ላይ ተቆጠሪ።

ትናንት በቤቱ ያደረ፦ ሦስት። እኔ፣ እናትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ።

አጎትሽ

ሹራብሽን ልበሺ። የባሕር ንፋስ አዝኖ አያውቅም። እናትሽ ነኝ።

ኅዳር 19

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይራቅ። ይህን የምጽፍልዎ ሹራቡን ለብሼ መሆኑን ለእማዬ ይንገሩልኝ። ሳሏስ? ሽሮፑ ምን ፈየደላት?

ለፀጉር ቤቱ ሰዎች የሚሰጥ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ዶልፊን የሚባለው አርባ ገደማ ዓይነት ነው። ለአንዳንዱ፣ በአንዳንዱ ባሕር፣ የተሠራ ግምት አለ፤ ለአንዳንዱ ምንም የለም። ቆጣሪ መርከብ ደርሶበት የማያውቅ ውሃም ሞልቷል። ሁሉም ቢደመር በሚሊዮኖች እንደሚሆን ይታመናል፤ ከዚያ ወዲያ ምሎ የሚነግርዎ ካለ አይመኑት። በሉ ሁለቱን ያስታርቋቸው።

እርስዎን የሚያስደስትዎ ሌላ ነገር አለኝ። መርከቧ ስታልፍ ውሃ ውስጥ ጠልቀው የቆዩትስ እንዴት ይቆጠራሉ? ሁለት ቡድን ነን። አንዱ ከላይኛው ወለል፣ ሌላው ከታችኛው ሆኖ ያያል። በመካከላችን ሸራ ተጋርዷል። ሥራ ላይ እያለን መነጋገር ቀርቶ መጠቃቀስ ክልክል ነው። እኔ ከላይ ነኝ። አብሮኝ የሚቆመው ሰው በሩን በገባ ቁጥር ግንባሩን ስለሚመታ «ረጅሙ» እለዋለሁ። ሥራ ሲያበቃ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለታችንም ያየነው ስንት ነው? እኛ አይተን እነሱ የሳቱት፣ እነሱ አይተው እኛ የሳትነውስ? ከዚያ ተነስቶ ሁላችንም የሳትነው ይሰላል። ማንም ያላየው የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ሁለቱ ቡድኖች ቢንሾካሾኩ፣ ወይም አንዱ ለሌላው ቢያዝንለትና ያየውን ቢጠቁመው፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

አክባሪዎ

ታኅሣሥ 12

ለልጄ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የሁለቱን ቡድን ነገር ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እኛም እኮ ይህንኑ ነበር የምንሠራው! ዋናው ቆጠራ ሲያልቅ ሌላ ቡድን የፊተኛውን መዝገብ ሳያይ የተመረጡ ሠፈሮችን ደግሞ ይቆጥር ነበር። አንድ ጊዜ እኔ «ባዶ ነው» ብዬ ያለፍኩትን መጋዘን ሁለተኛው ቡድን ቢያንኳኳው ስምንት ነፍስ ወጣ። ስምንት! ሰውና ዶልፊን በአንድ ዘዴ ይቆጠራሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ፀጉር ቤቱ አልታረቀም። ሾፌሩ «በሚሊዮኖች ካሉማ ወደ እኔ ነው የሚቀርበው» ብሎ ለሦስት ቀን ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተደራርቦባት ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ማለዳ የስፌት መኪናዋን እያንኳኳች ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ዛሬ መጻፍ አልተመቻትም። ስለ እሷ አትጨነቂ። ይልቅ ስለ ዶልፊኖቹ ጻፊልኝ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ይወልዳሉ? ከሩቅ እየታዩ ልጁ ከአዋቂው እንዴት ይለያል?

ትናንት በቤቱ ያደረ፦ ሁለት።

አጎትሽ

ጥር 18

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ ማለት ይቻላል። አንድ ብቻ ነው የሚወልዱት። ልጁ ከእናቱ ጎን ተለጥፎ ስለሚዋኝ በዚያ እንለየዋለን።

ጥፋት ሠርቼ ነበርና አስቀድሜ ለእርስዎ ልናዘዝ። አንዳንዱ ዶልፊን መርከብ ሲያይ አይሸሽም፤ እየበረረ ይመጣል፤ የመርከቧ አፍንጫ የሚገፋው ማዕበል ላይ መጫወት ይወዳል። ስለዚህ ደንባችን ገና ከሩቅ እንዳየሽው ወዲያው ጻፊ ነው። እኔ ግን ራቅ ብሎ ውሃ ሲፈናጠር አይና እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ዶልፊን ቢሆንስ፣ ባይሆንስ? እርግጠኛ ልሁን ብዬ እቆያለሁ። እርግጠኛ ስሆን መርከቧ ሥር ደርሰዋል፤ «ሃምሳ ሜትር» ብዬ እጽፋለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሠራሁ። ሁሉም ቅርብ ለቅርብ የታየ ሲመስል ሒሳቡ «ራቅ ያለው ሁሉ አምልጧቸዋል» ብሎ ባሕሩን በዶልፊን ይሞላዋል። ኃላፊያችን ቁጥሩ ሲያብጥባት ጠራችኝ።

«ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለችኝ።

«አጎቴ» አልኳት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

«አጎትሽ የቆጠሩት ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ወደ ሰው አይሮጥም» አለችኝ። «እዚህ እርግጠኛ እስክትሆኚ የቆየሽበት ነገር ነው የሚያሳስትሽ።»

የዘጠኙን ቀን መዝገብ ራሴ «የተበላሸ» ብዬ ፈረምኩበት። አለቀስኩም።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥያቄ ይመልሱልኝ። በታኅሣሡ ደብዳቤዎ ግርጌ «ሁለት» ይላል። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ቤት ለቅቃለች ብዬ ተጽናናሁ። ከፍ ብዬ ሳነብ ግን በማለዳ የቀሰቀሰችዎ እሷው ናት። እርስዎ አንድ፣ እሷ ሁለት። እማዬ የት አደረች?

አክባሪዎ

የካቲት 3

ለልጄ፤

አምላክ ይጠብቅሽ። በጥፋትሽ አትሸማቀቂ፤ የተማረ ሁሉ ተሳስቶ ነው። የኃላፊሽን አነጋገር ለፀጉር ቤቱ ነገርኳቸው፤ «ቤት ወደ ሰው አይሮጥም» የሚለውን ወደዱት።

ስለ ቁጥሩ የጠየቅሽው፣ እናትሽ ያን ሰሞን ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ነበር። ሰላም ብላሻለች። እዚህ ብርድ ነው። የልብስ ሰፊዋ መኪና ቀበቶው ተበጥሶ ሥራ ፈትታ ነበር፤ አሁን ተሠርቷል።

ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርኩ።

አጎትሽ

የካቲት 27

አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆነዎት፤ የምን ሥራ ነው የበዛብዎ? ዘመድ ጥየቃ ያሉትስ የትኛውን ዘመድ ነው? እርስዎና እኔ ነን ያለናት።

ደብዳቤዎን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ። የቤቱ ቆጠራ የለም። ምላስዎ ሊዋሽ ይችላል፤ ይህንን ራስዎ ጽፈውልኛል። ቁጥሩን ግን መዋሸት አልሆነልዎትምና ዝም አሉ።

እኔም የተንኮል ሥራ ሠርቻለሁ። ጥር 18 ቀን ከወደቡ የላክሁት አንድ ደብዳቤ አልነበረም፤ ሁለት ነው። ሁለተኛውን የሰፋችውን በምታስረክብበት ሱቅ አድራሻ ለልብስ ሰፊዋ ነው የላክሁት። ለእርስዎ እንዳትነግር አስምዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ «ትናንት በቤቱ ማን አደረ?» አልኳት። ሁለት ተመልካች፣ በመካከላቸው ሸራ። ዘዴውን ወድጄዋለሁ ብለውኝ የለም?

መልሷ ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር አብሮ ወደብ ጠበቀኝ። እንዳለ ልገልብጥልዎ። «በሰው ቤት ነገር ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ አፌን ዘግቼ ነበር። አንቺ ግን ጠየቅሽኝ፤ ልጅ ነሽ፤ ይገባሻል። ትናንት በቤቱ ያደረው አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ። እናትሽ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሳንባዋ ነው። አጎትሽ መጀመሪያ እየተመላለሱ ይጠይቋት ነበር፤ ከጥር ወዲህ እዚያው አግዳሚ ላይ ነው የሚያድሩት። ጠዋት መጥተው ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ። በሩን እየቆለፍኩ ብቻዬን መተኛት አስጠልቶኛል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ እኔን ነው። ሦስት ወር ሙሉ የዓለምን ዶልፊን ስቆጥር እናቴ የት እንደምታድር አላውቅም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ተናድጄብዎታለሁ። ይህንን ሳልጽፍ ብቀር ይበልጥ እናደዳለሁ። እወድዎታለሁም።

መርከቧ ነገ ያለ እኔ ትነሳለች። ሥራው ይበላሻል ብዬ ስፈራ ኃላፊያችን ምን አለችኝ? «ረጅሙ ብቻውን ይቆማል፤ ያ መስመር ጎዶሎ ተብሎ ይጻፋል። ጎዶሎ ተብሎ የተጻፈ ነገር አይጎዳንም፤ የሚጎዳን ሙሉ መስሎ የተጻፈው ነው» አለችኝ። የጉዞ ወረቀቴ እስኪያልቅ አሥር ቀን እዚህ ወደብ ላይ ነኝ። በፈጣን ፖስታ እውነቱን ይላኩልኝ። እርግጠኛ እስኪሆኑ አይጠብቁ።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 4

ለልጄ፤

ብትናደጂ እውነት አለሽ። ሰላምታውን ስትመጪ ፊት ለፊት እንለዋወጣለን፤ አሁን ወደ ነገሩ።

ኅዳር 27 ቀን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት፤ የዚያኑ ዕለት አስተኟት። እኔ ወዲያው ልጽፍልሽ ብዕር አነሳሁ። እሷ ከለከለችኝ። «ልጄ ቆጠራዋን ሳትጨርስ ብትጠራት ሬሳዬን አትይዝም!» አለችኝ። ግዝት ነው። እውነቱን ልናገር ካልሽኝ ግን ግዝቱ ብቻ አይደለም ያሰረኝ። ሐኪሞቹ አንድ ቀን ይህ ነው ይላሉ፣ በማግስቱ ሌላ ምርመራ ያዝዛሉ። እርግጡን ሳላውቅ ምን ብዬ እጽፋለሁ አልኩ። እርግጡን ስጠብቅ፣ እንደ ዶልፊኖችሽ፣ ነገሩ ከመርከቧ ሥር ደረሰ። የአንቺን ዘጠኝ ቀን ሳነብ በራሴ አፈርኩ፤ አፍሬም ዝም አልኩ። ሞኝ ሽማግሌ ነኝ።

ሐኪሙን ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ቁጥር ንገረኝ፤ የቁጥር ሰው ነኝ፤ አልደነግጥም» አልኩት። እሱም እንደ እናንተ ነው። «ቢያንስ ሦስት ወር፤ ቢበዛ ዓመት ተኩል» አለኝ። «ይሆናል የምትለውስ?» ስለው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ያኔ ያልወደድኩልሽን ሦስት በር አሁን ወድጄዋለሁ። «ቢበዛ» የምትለዋን ይዤ ነው የምተኛው።

እሷ ሆስፒታሉ መሯታል። አፍ ላይ የሚደረገውን አየር ቤት ማስገባት ይቻላል ብለውናል፤ ማክሰኞ እናወጣታለን። የምትመጪ መሆንሽን ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ከዚያ ለነርሷ «ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ ሰው ፈልጊልኝ» አለቻት።

ቶሎ ነይ።

አጎትሽ

መጋቢት 24

ለልጄ፤

ከአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይተሽ አታውቂም ይሆናል። ፋርማሲ ሄደሽ ሳለ ነው የጻፍኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ታገኚዋለሽ። በአፌ ልነግርሽ ከመጣሽ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ወሬውን ወደ ዶልፊን አዞርኩት። ብዕር ይሻለኛል።

አንድ ያልተዘጋ መዝገብ አለብኝ። የየካቲት 3ቱ ደብዳቤ አንድ መስመር ይጎድለዋል። ጎዶሎ ብሎ መተው ይቻል ነበር፤ ግን ቁጥሩን አውቀዋለሁና ላሟላው። የካቲት 2 ሌሊት በቤቱ ያደረ፦ አንድ፤ ልብስ ሰፊዋ። እኔና እናትሽ በዚያ ቤት ቁጥር ውስጥ አልነበርንም። ያንን ቁጥር እጄ አልጽፍ አለኝ፤ ያ ቤት የእኔ ነው ማለት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።

የዛሬውን ደግሞ ሦስት ጊዜ አጣርቼዋለሁ። ማለዳ ተነስቼ በየክፍሉ በር ቆሜ ትንፋሽ አዳምጫለሁ። የአንቺ ክፍል ጋ ስደርስ ታንኮራፊያለሽ፤ ባሕሩ ነው ያስተማረሽ መሰለኝ። የእናትሽ ክፍል ጋ ረዘም አድርጌ ቆየሁ። ፀጉር ቤት ሄጄ «አራት!» ስላቸው ሾፌሩ «ስንት ዶልፊን?» አለኝ። ስለ ዶልፊን አይደለም አልኩት።

ትናንት በቤቱ ያደረ፦ አራት።

ቢያንስ አራት፤ ቢበዛ አራት።

አጎትሽ

ሹራቡ ክርኑ ላይ አልቋል፤ አይቼዋለሁ። አውልቂና አምጪልኝ። ለልብስ ሰፊዋ እንዳትሰጫት፤ እኔ ነኝ የምሰፋው። እናትሽ ነኝ።